አንድ መሠረት፣ ብዙ ስም፦ ቅንጡ መኪኖች አካል ሲጋሩ የስማቸው ክብር እንዴት ይጠበቃል?

በስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ የሚገኘው የቮልስዋገን ፋብሪካ የቮልስዋገን ቱዋሬግ፣ የአውዲ ኪው 7 እና የፖርሽ ካየን መኪኖች መሠሪያ ሆኖ ቆይቷል። የላምቦርጊኒ ዩሩስ አካል ደግሞ ከቮልስዋገን ፋብሪካ ተጭኖ ወደ ጣሊያን ይሄዳል፤ ሳንታጋታ ቦሎኜዜ በተባለች ከተማ ባለው የላምቦርጊኒ ፋብሪካ ቀለም ተቀብቶና ሞተሩ ተገጥሞለት መኪና ይሆናል። በእንግሊዝ ክሩ ከተማ የሚጠናቀቀው ቤንትሌይ ቤንታይጋም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

የአምስቱ መኪኖች ስም የተለያየ ነው፤ ገዢዎቻቸውም በአንድ መደብር አይገናኙም። ዩሩስ ለመግዛት ቱዋሬግ ከሚጠይቀው ዋጋ ከሁለት እጥፍ በላይ መክፈል ያስፈልጋል። ከላሜራው ሥር ግን አምስቱም አንድ መሠረት ይጋራሉ።

ታዲያ ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ነው ወይስ ለስሙ? ጥያቄው የገዢ ብቻ ቢመስልም ለአምራቾቹ የህልውና ጉዳይ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት መሠረታቸውን ከሌላ ጋር በመጋራታቸው ከኪሳራ የዳኑ ታላላቅ ስሞች አሉ። በዚያው መንገድ ሄደው ክብራቸውን ያጡ፣ ሲከፋም በራቸውን የዘጉም አሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላትፎርም ምንድን ነው?

በመኪና ኢንዱስትሪ ፕላትፎርም የሚባለው የጋራ መሠረት፣ በተለምዶ ሻሲ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል፤ ትርጉሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። በቀድሞው አሠራር ሻሲ ማለት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ጎማዎቹን የሚሸከም፣ ከአካሉ የተለየና የመሰላል ቅርጽ ያለው የብረት አጽም ነበር። እንደ ላንድክሩዘር ባሉ ከባድ የመስክ መኪኖችና በጭነት መኪኖች ዘንድ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አለ።

በአብዛኞቹ የዘመኑ መኪኖች ግን አጽሙና አካሉ አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። በእነዚህ ላይ ፕላትፎርም ሲባል የመኪናው ወለል፣ ሰስፔንሽኑ የሚታሰርባቸው ነጥቦች፣ ሞተሩ የሚያርፍበት ክፍል፣ በግጭት ጊዜ ኃይሉን ውጦ ተሳፋሪውን የሚያድነው የፊት አካል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ዝርጋታና ሁሉንም የሚያዙት ኮምፒውተሮች ማለት ነው። ገዢው በዓይኑ የሚያየው ላሜራ፣ መብራት፣ ወንበርና ዳሽቦርድ በዚህ ላይ የሚለብሱ ናቸው።

አንድ ፕላትፎርም መጠኑ እንዲለዋወጥ ተደርጎ ሊነደፍ ይችላል። ቮልስዋገን በ2012 ሥራ ላይ ያዋለው ኤምኪውቢ የተባለው መሠረት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ መሠረት ላይ በሚሠሩ መኪኖች ሁሉ በፔዳሎቹና በፊት ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው። የመኪናው ርዝመት፣ ስፋትና የጎማዎቹ መጠን ግን እንደ አስፈላጊነቱ ይለዋወጣል። በዚህም መንገድ ትንሽ የከተማ መኪናና ሰባት ሰው የሚይዝ የቤተሰብ መኪና ከአንድ መሠረት ይወጣሉ።

መሠረትን መጋራትና አርማ መለጠፍ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሁለት መኪኖች ከሥር ቢዛመዱም ቅርጻቸው፣ አነዳዳቸውና የውስጥ ክፍላቸው ይለያያል። በሁለተኛው ግን የተለወጠው አርማው፣ የፊት ፍርግርጉና ምናልባት የወንበሩ ቆዳ ብቻ ነው። የብዙዎቹ ቅንጡ መኪኖች ዕጣ የተወሰነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል በየትኛው ወገን በመቆማቸው ነው።

ለምን ይጋራሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። አዲስ መሠረት ነድፎ፣ ፈትኖና ማሽኖቹን ተክሎ ለምርት ማብቃት በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ይጠይቃል። በዓመት ሚሊዮን መኪና የሚሸጥ ኩባንያ ይህን ወጪ በሚሊዮኖቹ ላይ ያከፋፍለዋል። በዓመት ጥቂት ሺህ መኪና ብቻ የሚሸጥ ቅንጡ አምራች ግን እያንዳንዱ ገዢ የሚሸከመው ድርሻ እጅግ ይከብደዋል። በዚያ ላይ የግጭት ደኅንነት ፈተናውና የጭስ መጠን ሕጉ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ገበያው አዲስ ዓይነት መኪና ሲፈልግ ከባዶ መጀመር ዓመታት ይወስዳል፤ ያለን መሠረት መጠቀም ግን መንገዱን ያሳጥራል።

የጀርመኑ ፖርሽ ሁለቱንም ምክንያቶች በራሱ ላይ አይቷል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ መኪኖች ይሸጥ የነበረው ኩባንያ በ1993 ገደማ ሽያጩ ወደ 14 ሺህ አካባቢ ወርዶ ነበር። ብክነትን ለመቀነስ የቶዮታን የአመራረት ዘዴ የሚያውቁ ጃፓናውያን አማካሪዎችን ወደ ፋብሪካው አስገባ። ቀጥሎም በ1996 ቦክስተርን፣ በ1997 ደግሞ አዲሱን 911 ሲያወጣ የሁለቱን በሮች፣ ኮፈንና የፊት መብራቶች አንድ አደረጋቸው።

የ911 ወዳጆች ውድ መኪናቸው ከርካሹ ወንድሙ ጋር አንድ ፊት ስለያዘ አጉረመረሙ። ኩባንያው በቀጣዮቹ ዓመታት የ911ን መብራት መልሶ ለየው። ሁለቱ መኪኖች ግን ፖርሽን ከጥፋት አድነውታል። ኩባንያው በ2002 ከቮልስዋገን ቱዋሬግ ጋር መሠረት የሚጋራውን ካየንን ሲያወጣም «ፖርሽ የቤተሰብ መኪና አይሠራም» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ካየን ግን ለዓመታት ከኩባንያው መኪኖች ሁሉ በብዛት የተሸጠ ሆነ፤ ገቢውም የስፖርት መኪኖቹን ሥራ ደገፈ።

ሮልስ ሮይስና ቤንትሌይ፦ መንትዮቹና ፍቺያቸው

ቅንጡ መኪኖች መሠረት መጋራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ሮልስ ሮይስ በኪሳራ ላይ የነበረውን ተፎካካሪውን ቤንትሌይን የገዛው በ1931 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ቤንትሌይ ቀስ በቀስ የራሱን መልክ እያጣ ሄደ።

በ1965 ሮልስ ሮይስ «ሲልቨር ሻዶው» የተባለውን መኪና ሲያወጣ ቤንትሌይም «ቲ ሲሪስ» የሚል ስም የተሰጠው መኪና አወጣ። የሁለቱ ዋና ልዩነት የፊት ፍርግርጉ ቅርጽና አርማው ነበር። ገዢው ፍርዱን ሳይሸሽግ ሰጠ፤ ለአሥር ሲልቨር ሻዶው አንድ ቤንትሌይ ቢሸጥ ነው። ያው መኪና ከሆነ ታላቁን ስም መያዝ ይሻላል የሚል ስሌት ነበር።

ቤንትሌይ ከዚህ የወጣው አዲስ መሠረት ስላገኘ አልነበረም። በ1982 በዚያው የጋራ አካል ላይ ተርቦ ሞተር ተገጥሞለት «ሙልሳን ተርቦ» ተባለ። ስሙ የተወሰደው ቤንትሌይ በ1920ዎቹ ደጋግሞ ካሸነፈበት የፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ጎዳና ነው። ሮልስ ሮይስ የሚነዳለት ሰው መኪና፣ ቤንትሌይ ደግሞ ራሱ የሚነዳ ሰው መኪና ሆኑ። ልዩነቱ ከአርማ ወደ ባሕርይ ሲሸጋገር ገዢዎች ተመለሱ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤንትሌይ በሽያጭ ሮልስ ሮይስን ደረሰበት።

በ1998 የሁለቱ ባለቤት የነበረው ቪከርስ ድርጅቱን ለሽያጭ አቀረበ። ቮልስዋገን በ430 ሚሊዮን ፓውንድ የክሩን ፋብሪካ፣ ቤንትሌይን፣ የመኪኖቹን ንድፍ፣ የሮልስ ሮይስን ፍርግርግና በኮፈኑ ጫፍ ላይ የምትቆመውን ባለ ክንፍ ምስል ገዛ። «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስም ግን በግዢው ውስጥ አልነበረም። ስሙ የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው የሮልስ ሮይስ ኩባንያ ንብረት ስለነበር ኩባንያው በ40 ሚሊዮን ፓውንድ የመጠቀም መብቱን ለቢኤምደብሊው ሰጠ።

አንዱ ፋብሪካውን ያለ ስም፣ ሌላው ስሙን ያለ ፋብሪካ ይዘው ተፋጠጡ። በስምምነቱ መሠረት ቮልስዋገን እስከ 2002 መጨረሻ ሮልስ ሮይስን መሥራቱን ቀጠለ፤ ከ2003 መባቻ ጀምሮ ግን ስሙም ምስሏም ወደ ቢኤምደብሊው ሄዱ። ቢኤምደብሊው በደቡብ እንግሊዝ ጉድዉድ አዲስ ፋብሪካ አቁሞ ሮልስ ሮይስን እንደገና ጀመረ። የአንድ ስም ዋጋ ከብረትና ከግንብ ተነጥሎ ሊተመን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሽያጭ በመኪና ታሪክ ማግኘት ያዳግታል።

አርማው ብቻ ሲቀየር

በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ በ1981 ካዲላክ ሲማሮን የተባለ አነስተኛ መኪና አወጣ። መኪናው ከሼቭሮሌት ካቫሊየር ጋር መሠረቱን ብቻ ሳይሆን አካሉንም በአብዛኛው ይጋራ ነበር። ሞተሩም አራት ሲሊንደር ነበር፤ ካዲላክ ከ1914 ወዲህ እንዲህ ያለ ሞተር በመኪናው ላይ አልገጠመም። የአሜሪካ የሀብትና የስኬት ምልክት ይባል የነበረው ስም በተራ መኪና ላይ ከቆዳ ወንበር ጋር ተለጥፎ መታየቱ ነባር ደንበኞቹን አራቀ፤ አዳዲሶቹንም አላመጣም። በ1988 ምርቱ ሲቆም በጠቅላላ ከተሸጠው ከ130 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

የስዊድኑ ሳብ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። ከአውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ የተወለደው ሳብ ለየት ባለ ቅርጹና የማስነሻ ቁልፉን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል በማስቀመጡ ይታወቅ ነበር። ሙሉ በሙሉ በጄኔራል ሞተርስ እጅ ከገባ በኋላ ግን 9-2ኤክስ የተባለው መኪናው የጃፓኑ ሱባሩ ኢምፕሬዛ፣ 9-7ኤክስ የተባለው ደግሞ የአሜሪካው ሼቭሮሌት ትሬይልብሌዘር ሌላ ስም ሆኑ። በ9-7ኤክስ ላይ ቁልፉ እንደ ሳብ ወግ በወንበሮቹ መካከል ተቀመጠ፤ መኪናውን ሳብ የሚያሰኘው ነገር ግን ከዚያ ብዙም አላለፈም። ጄኔራል ሞተርስ በ2010 ሳብን ሸጠ። በ2011 መጨረሻ ኩባንያው መክሰሩ ታወጀ፤ በትሮልሄታን ከተማ የነበሩት ሠራተኞቹም ሥራቸውን አጡ።

የእንግሊዙ ጃጓር በ1989 በፎርድ ከተገዛ በኋላ በ2001 ኤክስ-ታይፕ የተባለ መኪና ከፎርድ ሞንዴዮ መሠረት ላይ አወጣ። የጃጓር መሐንዲሶች ብዙ ነገር ለውጠውበት ነበር። ነገር ግን መኪናው የጥንቱን ትልቅ ጃጓር መልክ በትንሹ ደግሞ፣ ከሥሩ የቤተሰብ መኪና እንደሆነ እየታወቀ ገበያ ላይ ወጣ። ፎርድ በዓመት 100 ሺህ ለመሸጥ አስቦ ነበር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ የተሸጠው በጠቅላላ 350 ሺህ ገደማ ነው። ፎርድ በ2008 ጃጓርን ከላንድሮቨር ጋር ለሕንዱ ታታ በ2 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ።

መርሴዲስ ቤንዝም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በ2017 ያቀረበው ኤክስ-ክላስ ፒክአፕ ከኒሳን ናቫራ የተወለደ ሲሆን፣ የሚሠራውም በስፔን ባርሴሎና በኒሳን ፋብሪካ ነበር። ለሥራ ጠንካራ መኪና የሚፈልገው ገዢ ናቫራውን በቅናሽ ያገኛል፤ መርሴዲስን የሚፈልገው ደግሞ የኒሳንን መቀያየሪያዎችና ክፍሎች በውስጡ አየ። ምርቱ በ2020 ቆመ።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው የጋራው ክፍል ገዢው በሚያየው፣ በሚነካውና በሚሰማው ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ቁልፍ ሲያዞር፣ በር ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲረግጥ የርካሹን መኪና ጠባይ ካገኘ የአርማው ክብር አያጽናናውም።

አንድ መሠረት፣ ሁለት ዕጣ

ስም በራሱ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳየው የቮልስዋገን ፌይተን ታሪክ ነው። በ2002 የቀረበው ፌይተን የቮልስዋገን አርማ ያለው እጅግ ቅንጡ መኪና ነበር። ለእርሱ ሲባል በጀርመን ድሬስደን ከተማ ግድግዳው መስታወት የሆነ ፋብሪካ ተሠርቶ ነበር። በጥራቱ የነቀፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው «የሕዝብ መኪና» የሚል ትርጉም ያለውን ስም በዚያ ዋጋ ለመግዛት አልፈለገም። ከአሜሪካ ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወጣ፤ በ2016 ምርቱ ሲያበቃም በ14 ዓመት የተሠራው 84 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር።

በ2003 ግን ከፌይተን ጋር መሠረት የሚጋራው ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ወጣ። ቀድሞ በዓመት አንድ ሺህ ገደማ መኪና ይሸጥ የነበረው ቤንትሌይ በ2007 ሽያጩ ከ10 ሺህ አለፈ። ዘመዳሙ ፍላይንግ ስፐር በተፈለገበት ጊዜ የክሩ ፋብሪካ ስላልበቃ የተወሰኑት በዚያው በድሬስደኑ የፌይተን ፋብሪካ ተገጣጥመዋል።

አንደኛው ሲወድቅ ሌላው የገነነው በስም ብቻ አይደለም። ኮንቲኔንታል ጂቲ የራሱ ቅርጽ፣ ባለ ሁለት በር አካል፣ በክሩ ሠራተኞች እጅ የተሰፋ ቆዳና የተወለወለ እንጨት ነበረው። የተጋራው የማይታየው ነው፤ የሚታየውና የሚዳሰሰው የራሱ ነበር። ገዢውም ከመኪናው ጋር የለ ማንን ታሪክና የክሩን እጅ ገዛ።

የላምቦርጊኒ ዩሩስም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። በ2017 ላምቦርጊኒ የሸጠው 3,815 መኪና ነበር፤ ዩሩስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ2019፣ ቁጥሩ 8,205 ደረሰ። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ከአውዲ፣ ከፖርሽና ከቤንትሌይ ሞተሮች ጋር ቢዛመድም በቅርጹ፣ በድምፁና በአነዳዱ ላምቦርጊኒ መሆኑን ገዢዎቹ አልተጠራጠሩም።

ስም ከመቃብር ሲነሳ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል በመኪና ዓለምም ይሠራል፤ ሆኖም ስም ብቻውን ሁልጊዜ አይሸጥም። ዳይምለር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይታወቅ የነበረውን ማይባህ የተባለ ስም በ2002 አንሥቶ ከሮልስ ሮይስ ጋር ለማፎካከር ሞከረ። መኪኖቹ የተሠሩት ግን ከ1990ዎቹ የመርሴዲስ ኤስ-ክላስ በተወሰደ መሠረት ላይ ነበር፤ መልካቸውም ከመርሴዲስ ብዙ አልራቀም። በአሥር ዓመት 3 ሺህ ገደማ ብቻ ተሽጠው በ2012 ተቋረጡ።

ኩባንያው በ2014 ስሙን በሌላ መንገድ መለሰው። መኪናው የኤስ-ክላስ ዘመድ መሆኑን ከመሸሸግ ይልቅ «መርሴዲስ-ማይባህ» ብሎ በግልጽ ሰየመው፤ ረዘም ያለ የኋላ መቀመጫና የላቀ ምቾት ያለው ኤስ-ክላስ ሆነ። ይህኛው ገበያ አገኘ። ዝምድናውን ደብቆ የራሱ ዘውድ እንዳለው የቀረበው ሲወድቅ፣ ዝምድናውን አምኖ የበኩር ልጅ ሆኖ የቀረበው ተቀባይነት አገኘ።

ጉድለትም ይጋራል

የጋራ መሠረት ወጪን እንደሚያከፋፍል ሁሉ ጥፋትንም ያከፋፍላል። በ2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የቮልስዋገን ቡድን የናፍጣ መኪኖች የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደተጫነባቸው ይፋ አደረገ። በመጀመሪያ የተጠቀሱት የቮልስዋገንና የአውዲ አነስተኛ ሞተሮች ነበሩ። በኅዳር ወር ግን አውዲ የሠራው ባለ 3 ሊትር ሞተርም ተጨመረ፤ ይህ ሞተር በፖርሽ ካየን ላይም ተገጥሞ ነበር።

በስፖርት መኪና ስሙ የሚታወቀው ፖርሽ ራሱ ባልሠራው ሞተር ምክንያት በቅሌቱ ውስጥ ገባ። በ2018 ናፍጣን ሙሉ በሙሉ መተዉን አስታወቀ፤ በ2019 ደግሞ የሽቱትጋርት ዐቃቤ ሕግ የ535 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። አንድ ክፍል በብዙ መኪኖች ላይ ሲገጠም፣ ክፍሉ ጉድለት ቢገኝበት ጥሪው የሚደርሰው ለሁሉም ስሞች ነው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ

የመኪኖች ዝምድና በዚህ አካባቢ በሚገባ የሚታወቅ ነው፤ የሚለካው ግን በሌላ ሚዛን ነው። በአውሮፓ ቅንጡ መኪና ከተራው ጋር መዛመዱ እንደ ነውር ሲቆጠር፣ እዚህ ብዙ ጊዜ እንደ ዋስትና ይታያል።

ሌክሰስ ኤልኤክስ ለዚህ ማስረጃ ነው። ቶዮታ በ1989 ሌክሰስ የተባለውን ቅንጡ ስም ከመሠረተ በኋላ በ1996 ያቀረበው ኤልኤክስ 450 የ80 ሲሪስ ላንድክሩዘር የለበሰ ወንድም ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት ትውልዶችም በየዘመናቸው ከነበረው ላንድክሩዘር ጋር መሠረት ይጋራሉ። ላንድክሩዘር በበረሃና በኮረብታ፣ በእርዳታ ድርጅቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ ያተረፈው ስም ለሌክሰሱ ክብር ሆነለት። ሌክሰሱ ከተራ መኪና መውረዱ ዋጋውን አልቀነሰም፤ ምክንያቱም የወረደው ራሱ ክብር ካለው መኪና ነው።

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መንገዶች በብዛት የሚታየው ቶዮታ ሃሪየር ሌላው ምሳሌ ነው። በ1997 መጨረሻ በጃፓን ሃሪየር ተብሎ የወጣው መኪና በአሜሪካ ሌክሰስ አርኤክስ 300 በሚል ስም ተሸጧል። ሌክሰስ በጃፓን ገበያ በስሙ መሸጥ የጀመረው በ2005 ስለነበር የዚያ ዘመን ሌክሰሶች በአገራቸው የቶዮታ አርማ ነበራቸው። ከጃፓን ያገለገለ ሃሪየር የገዛ የናይሮቢ ነዋሪ፣ አሜሪካዊው በሌክሰስነቱ የከፈለበትን መኪና በቶዮታነቱ ይነዳል።

ለጋራዥ ባለሙያና ለመለዋወጫ ነጋዴ ይህ ዝምድና ተጨባጭ ጥቅም አለው። ከላንድክሩዘር ጋር የሚመሳሰሉ የሞተርና የካምቢዮ ክፍሎች በቀላሉ ይገኛሉ። የሌክሰሱ የብቻው የሆነው፣ ለምሳሌ ከፍታው የሚስተካከለው ሰስፔንሽን፣ ሲበላሽ ግን ወጪው ይከብዳል። ያገለገለ ቅንጡ መኪና የሚገዛ ሰው የትኛው ክፍል የጋራ፣ የትኛው የብቻ እንደሆነ ቢያውቅ ኋላ ከሚመጣ ወጪ ይድናል።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ ደግሞ ጥያቄው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ተሸጋግሯል። ከቻይና እየገቡ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታዩት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 መኪኖች የቆሙበት መሠረት የአውዲ ኪው 4 ኢ-ትሮንም መሠረት ነው።

የኤሌክትሪኩ ዘመን ፈተና

በነዳጅ መኪና ዘመን ቅንጡ ስም ራሱን ከሚለይባቸው ነገሮች ዋናው ሞተሩ ነበር። የፌራሪ ድምፅ፣ የሮልስ ሮይስ ጸጥታ፣ የፖርሽ ከኋላ የተቀመጠ ሞተር የማንነት ምልክቶች ናቸው። በኤሌክትሪክ መኪና ጸጥታውና የመነሻ ፍጥነቱ ለሁሉም ቅርብ ሆኗል፤ ባትሪው በወለሉ ላይ ስለሚነጠፍም መሠረቶቹ ይበልጥ ተመሳስለዋል።

ፖርሽ ታይካንና አውዲ ኢ-ትሮን ጂቲ አንድ መሠረት ይጋራሉ፤ በ2024 የወጡት የኤሌክትሪክ ፖርሽ ማካንና አውዲ ኪው 6 ኢ-ትሮንም እንዲሁ። ማካን ከታቀደለት ጊዜ እጅግ ዘግይቶ የወጣው የቡድኑ የጋራ ሶፍትዌር በጊዜው ባለመድረሱ ነው። ቀድሞ የሚጋሩት ብረት ነበር፤ አሁን ሶፍትዌርም ተጨምሯል። የአንዱ መዘግየት ሌላውን ያስጠብቃል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ገዢው በየቀኑ የሚነካው ክፍል የጋራ ሆነ ማለት ነው። የሲማሮንና የሳብ ስሕተት በስክሪን በኩል ሊመለስ ይችላል።

የማይጋራው ምንድን ነው?

ሮልስ ሮይስ ለዚህ የራሱን መልስ ሰጥቷል። በ2009 የወጣው ጎስት ከቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ጋር የሚጋራቸው ክፍሎች ነበሩት። ኩባንያው በ2017 በወጣው ፋንተም ግን ለራሱ ብቻ የሚሆን የአሉሚኒየም አጽም አቀረበ። ኩሊናን፣ አዲሱ ጎስትና የኤሌክትሪኩ ስፔክተር ተከታትለው በዚሁ ላይ ተሠሩ። መሠረቱን ከሌሎች ስሞች ጋር ከመጋራት ይልቅ በራሱ መኪኖች መካከል አካፈለው። ያም ሆኖ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ከእናት ኩባንያው የመጣ ነው፤ ከመጋራት ፈጽሞ ነጻ የሆነ አምራች ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል።

ከመቶ ዓመት በፊት የሮልስ ሮይስ ገዢ ከፋብሪካው የሚወስደው ሻሲውንና ሞተሩን ነበር። አካሉን እንደ ፍላጎቱ ለብቻው ለአካል ሠሪ ያሠራል። ያኔ የስሙ ክብር ያረፈው በማይታየው ላይ ነበር፤ አካሉ የሌላ ሰው እጅ ሥራ ነው። ዛሬ በብዙዎቹ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ የማይታየው የጋራ፣ የሚታየው የብቻ ሆኗል።

ከተሳካላቸውና ከወደቁት ታሪክ የሚወጣው ትምህርትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። መሠረትን መጋራት ብቻውን ስምን አይገድልም፤ አለመጋራትም ብቻውን አያድንም። ቤንትሌይና ላምቦርጊኒ ሳይጋሩት ያስቀሩት ነገር ደንበኞቻቸው የሚፈልጉት ነበር፤ ሳብና ሲማሮን ደግሞ ያንኑ አሳልፈው ሰጡ። ገዢም ከአርማው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው፦ ከዋጋው ልዩነት ውስጥ ለዚህ መኪና ብቻ ተብሎ የተሠራው የቱ ነው?